በኮረብታ ላይ የበራ መብራት
የቄስ ጆን ራንኪን አጭር የሕይወት ታሪክ

በአሜሪካ የባርነት ዘመን የኦሃዮ ወንዝ ድንበር ነበረ። በደቡቡ ዳር በኬንታኪ ሰው እንደ ከብት ይሸጥና ይለወጥ ነበር፤ በሰሜኑ ዳር በኦሃዮ ግን ባርነት የተከለከለ ነበር። ሆኖም የሸሸ ሰው ወንዙን ቢሻገርም ሕጉ ለጌታው እንዲመለስ ያዝዝ ስለ ነበር፥ ዕረፍት የሚያገኘው ካናዳ ሲደርስ ነው። ስለዚህ የሚረዱት ሁሉ በስውር ይሠሩ ነበር።

ከእነዚህ አንዱ የሆኑት ቄስ ጆን ራንኪን በ1793 (ዘመኑ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) በቴነሲ ተወለዱ። የፕሬስቢቴሪያን ቤተ ክርስቲያን አገልጋይ ሆነው ባርነትን በመቃወማቸው በትውልድ አገራቸው መቀመጥ ስላልተመቻቸው፥ ከባለቤታቸው ከወይዘሮ ጂን ጋር ወደ ኬንታኪ፥ በኋላም ወንዙን ተሻግረው ሪፕሊ ወደምትባል የኦሃዮ ከተማ ሄዱ። በዚያም 44 ዓመት አገለገሉ።

የመጀመሪያው ፈተና ከገዛ ቤተ ሰባቸው መጣ። በቨርጂኒያ የሚኖረው ወንድማቸው ቶማስ ባሮች መግዛቱን ሰሙ። ቄስ ራንኪን ለሥጋ ዝምድና ብለው ዝም አላሉም፤ የባርነትን ኃጢአትነት እየዘረዘሩ ተከታታይ ደብዳቤ ጻፉለት። ደብዳቤዎቹ በ1826 በመጽሐፍ ታተሙ፤ ቶማስም በሚቀጥለው ዓመት ባሮቹን ነጻ አወጣ።

ከዚያ በኋላ ከከተማው በላይ ባለው ኮረብታ ቤት ሠሩ። በሌሊት የሚበራው መብራት ከማዶ ለሚመለከቱት ምልክት ሆነ። ወይዘሮ ጂን የመጡትን ይመግባሉ፤ ወንዶች ልጆቻቸውም በጨለማ ወደሚቀጥለው መሸሸጊያ ያደርሳሉ። በዚህ ቤት ያለፉት ወደ 2,000 እንደሚደርሱ ይገመታል። በ1838 ክረምት አንዲት እናት ልጅዋን ታቅፋ በተሰባበረው የወንዙ በረዶ ላይ ተሻግራ ደረሰች፤ ታሪኳ ሃሪየት ቢቸር ስቶ በ1852 ላሳተመችው «የአጎት ቶም ጎጆ» መነሻ ከሆኑት አንዱ ነው።

በ1841 የታጠቁ ሰዎች ቤቱን ለማቃጠል በሌሊት መጡ፤ ልጆቻቸው ተታኩሰው መለሷቸው። በ1850 የወጣውም ሕግ ለሸሸ ሰው መጠለያ የሰጠን እስከ 1,000 ዶላር መቀጫና 6 ወር እስራት ያስፈርድበት ነበር። ቄስ ራንኪን ግን በራቸውን አልዘጉም።

በ1865 ባርነት በሕገ መንግሥት ተሻረ። ቄስ ራንኪን በ1886 በ93 ዓመታቸው ዐረፉ፤ ቤታቸውም በኮረብታው ላይ ዛሬም ቆሞ ይታያል።

ከእኛም መካከል በሌሊት ድንበር የተሻገረ ሁሉ በር የከፈተለትን ሰው አይረሳም። የቄስ ራንኪን ሕይወት ግን ሌላም ነገር ያስተምረናል፤ ለባዕድ በራቸውን ከመክፈታቸው በፊት ለገዛ ወንድማቸው እውነትን ተናግረዋል።