ከእሾህ እስከ እርጎ፦ የኤሊ ሜችኒኮፍ ሕይወት

አለርጂ ያለበት ሰው መካሪ አያጣም። አንዱ ነጭ ሽንኩርት፣ ሌላው ጥቁር አዝሙድ፣ ሌላው ደግሞ ማር በዝንጅብል ያዝለታል። እርጎም ከዚህ ዝርዝር አይቀርም፤ የሰውነትን በሽታ የመከላከል አቅም ያጠነክራል ሲባል እርስዎም ሳይሰሙ አልቀሩም። ይህ አባባል ከየት መጣ ብለው ከጠየቁ፣ መልሱ ከመቶ ዓመት በፊት ወደነበረ አንድ ሰው ይወስድዎታል። ሰውየው ኤሊ ሜችኒኮፍ ይባላል። በዛሬው አምዳችን የእርሱን ሕይወት እናወጋዎታለን። ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሜችኒኮፍ በ1845 ዛሬ ዩክሬን በምትባለው አገር፣ በካርኪቭ አካባቢ ተወለደ። ያኔ ግዛቱ የሩሲያ ዛር ነበር። የአራት ዓመቱን የዩኒቨርሲቲ ትምህርት በሁለት ዓመት ጨርሶ በወጣትነቱ በኦዴሳ ዩኒቨርሲቲ መምህር ሆነ። ሐኪም እንዳልነበረ ልብ ይበሉ፤ ሙያው የእንስሳት ጥናት ነው።

በሽታን በመጽሐፍ ሳይሆን በቤቱ ነው ያወቀው። በ1869 ሉድሚላን ሲያገባ ሙሽራይቱ በሳንባ ነቀርሳ ከመዳከሟ የተነሳ ወደ ቤተ ክርስቲያን የገባችው በወንበር ተሸክመዋት ነበር። በዚያ ዘመን ለበሽታው መድኃኒት አልነበረውም፤ ሐኪሞች የሚያዝዙት ጥሩ አየርና ጥሩ ምግብ ነበር። አየሩ ይስማማት እንደሆነ ብሎ እስከ ማዴይራ ደሴት ወሰዳት። በ1873 እዚያው አረፈች። ሐዘኑ ከአቅሙ በላይ ሆኖበት የራሱን ሕይወት ለማጥፋት ሞከረ፤ ተረፈ። ከሁለት ዓመት በኋላ ኦልጋን አገባ። እርሷም በ1880 በታይፎይድ ተይዛ ከሞት አፋፍ ተመለሰች። በዚያው ሰሞን ተስፋ ቆርጦ የግርሻ ሕመምተኛን ደም በራሱ ላይ ወጋ፤ በጠና ታሞ ዳነ። በ1881 ደግሞ ታላቅ ወንድሙ ኢቫን ሞተ። ቶልስቶይ ስለ ኢቫን ኢሊች አሟሟት የጻፈው ታዋቂ ልቦለድ መነሻው የዚህ ወንድሙ ሞት ነው።

እንግዲህ አንዱ ሲሞት ሌላው ለምን ይድናል የሚለው ጥያቄ ለሜችኒኮፍ የክፍል ውስጥ ጥያቄ ብቻ አልነበረም።

በ1882 ከዩኒቨርሲቲው ለቆ ከባለቤቱና ከታናናሽ እህትና ወንድሞቿ ጋር በጣሊያን ሲሲሊ ደሴት፣ መሲና ከተማ ከረመ። አንድ ቀን ቤተሰቡ ትርዒት የሚያሳዩ ጦጣዎችን ለማየት ወደ ሰርከስ ሄደ፤ እርሱ ከማይክሮስኮፑ ጋር ቤት ቀረ። የሚመለከተው የኮከብ ዓሣ እጭን ነበር። እጩ እንደ መስታወት ውስጡን ስለሚያሳይ፣ በሰውነቱ ውስጥ ወዲያ ወዲህ የሚሉትን ሕዋሳት ሳይቆርጡ ማየት ይቻላል። በዚህ መካከል አንድ ሐሳብ መጣለት። እነዚህ ተንቀሳቃሽ ሕዋሳት ሰውነትን ከወራሪ የሚጠብቁ ቢሆኑስ? እንዲያ ከሆነ፣ እጩ ውስጥ እሾህ ቢገባ ዙሪያውን ሊከቡት ይገባል፤ የሰው ጣት እሾህ ሲወጋው እንደሚመግል ማለት ነው። ወደ ግቢው ወጥቶ ከጽጌረዳ ጥቂት እሾህ ቆረጠና በእጮቹ ቆዳ ሥር ሰካ። ሌሊቱን እንቅልፍ በዓይኑ አልዞረም። ሲነጋ ሕዋሳቱ እሾሁን ከበውት አገኛቸው።

ሕዋሳቱ ፋጎሳይት ተባሉ፤ ከግሪክኛ የመጣ ቃል ሲሆን በላተኛ ሕዋስ ማለት ነው። በእኛም ደም ውስጥ አሉ፤ ጀርምን ውጠው የሚፈጩት ነጭ የደም ሕዋሳት ከእነርሱ ወገን ናቸው። የዘመኑ ሊቃውንት ግን በቀላሉ አልተቀበሉትም። በተለይ ጀርመኖቹ መከላከያው በደም ፈሳሽ ውስጥ እንጂ በሕዋስ ውስጥ አይደለም እያሉ ለዓመታት ተሟገቱት። በ1888 ፓስተር በፓሪስ ተቋማቸው ቤተ ሙከራ ሰጡትና ኑሮው እዚያ ሆነ። በ1908 የኖቤል ሽልማትን ከጀርመናዊው ፖል ኤርሊክ ጋር እኩል ተካፈለ። ሁለቱም ወገኖች ትክክል ነበሩ፤ ሕዋሱም ፈሳሹም ይዋጋሉ።

ወደ አለርጂ ስንመጣ ነገሩ ይገለበጣል። አለርጂ የመከላከል አቅም ማነስ አይደለም፤ ያለቦታው መቆጣቱ ነው። ምንም የማይጎዳ የአበባ ብናኝ ወይም ኦቾሎኒ እንደ ጠላት ተቆጥሮ ጦር ይዘመትበታል። ያው ኤርሊክ ገና ተማሪ ሳለ የለያቸው ማስት ሴል የሚባሉ ሕዋሳት ሂስታሚን የተባለ ንጥረ ነገር ይረጫሉ፤ ማስነጠስ፣ ማሳከክና ማበጥ የሚመጡት በዚህ ነው። እንግዲህ አቅም ያጠነክራል በሚል ብቻ የሚሸጥልዎት ነገር አለርጂን ያጠፋል ማለት እንዳልሆነ ከዚህ ይረዱ። ቁጡ ዘበኛን ጡንቻ ማብዛት አያበርደውም። የሜችኒኮፍ ተማሪ የነበረው ቤስሬድካ የሄደበት መንገድ ሌላ ነበር። ለሕክምና የሚወጋ ሴረም ሰውነትን በድንገት እንዳያስቆጣ፣ አስቀድሞ በጥቂት በጥቂቱ መስጠትን አጠና። ዛሬም አንዳንድ አለርጂዎች በሐኪም ክትትል በዚሁ የማለማመድ ስልት ይታከማሉ፤ በቤት ውስጥ ግን በፍጹም አይሞከርም።

እርጎውስ? ሜችኒኮፍ ዕድሜው ሲገፋ ስለ እርጅና ያስብ ጀመር። በትልቁ አንጀት ውስጥ የሚያበሰብሱ ባክቴሪያዎች መርዝ እያመነጩ ያስረጁናል ብሎ አመነ። የረጋ ወተት አሲድ ስላለው ቶሎ አይበሰብስም፤ በአንጀትም እንዲሁ ይሠራል አለ። እርጎ የማይለያቸው የቡልጋሪያ ገበሬዎች ረጅም ዕድሜ ይኖራሉ የሚለው ወሬም አበረታታው። በ1904 በፓሪስ ስለ እርጅና ንግግር ካደረገ በኋላ እርጎ በአውሮፓ መድኃኒት ቤቶች ሳይቀር ይፈለግ ጀመር። በ1905 ቡልጋሪያዊው ስታመን ግሪጎሮቭ ወተቱን የሚያረጋውን ባክቴሪያ ለየ።

ሐሳቡ በከፊል ስህተት ነበር። ትልቁ አንጀት ጠላት አይደለም፤ ያ የቡልጋሪያ ባክቴሪያም በሰው አንጀት ውስጥ ሰፍሮ እንደማይቀር በኋላ ታወቀ። ከዚያ የከፋው፣ በዚያ ዘመን አንዳንድ ቀዶ ሐኪሞች አንጀት መርዝ ነው በሚለው እምነት የሕመምተኞቻቸውን ትልቅ አንጀት ቆርጠው እስከማውጣት መድረሳቸው ነው። ሆኖም በአንጀት የሚኖሩ ባክቴሪያዎች ከበሽታ መከላከያችን ጋር የተሳሰሩ መሆናቸውን የዛሬ ተመራማሪዎች በየቀኑ የሚያጠኑት ጉዳይ ነው።

ከእርሱ አሠራር አንዱን ነገር ግን ቢወስዱ ይጠቀማሉ። ወተቱ አስቀድሞ እንዲፈላ፣ ከዚያ በኋላ ንጹሕ እርሾ እንዲጨመርበት ይመክር ነበር። ባልፈላ ወተት የሚሠራ እርጎ ብሩሴሎሲስንና የሳንባ ነቀርሳን ሊያስተላልፍ ይችላል፤ ዕቃው በወይራ መታጠኑ ይህን አያስቀርም። ስለዚህ አፍልተው፣ ለብ ሲል በንጹሕ ዕቃ አንድ ማንኪያ ጥሩ እርጎ ጨምረው ያርጉት። ወተት ሲጠጣ ሆዱ የሚነፋ ሰው እርጎ ይቀልለዋል፤ ባክቴሪያዎቹ የወተቱን ስኳር ያግዙታልና። የላም ወተት አለርጂ ያለበት ልጅ ግን ሌላ ነው። የሚያስቆጣው ፕሮቲኑ በእርጎም ውስጥ ስላለ አይስጡት። አስም ያለብዎት ከሆነ በእርጎም በማርም ተማምነው የሚነፋውን መድኃኒትዎን አያቁሙ። ከንፈር ወይም ምላስ ካበጠ፣ ትንፋሽ ካጠረ፣ ቤት ውስጥ የሚሞከር ነገር የለም፤ በፍጥነት ወደ ጤና ተቋም ይሂዱ።

ሜችኒኮፍ የረጋ ወተቱን ለዓመታት ሳያቋርጥ ጠጣ። ልቡ ግን ደከመ። አንደኛው የዓለም ጦርነት ሲነሳ ወጣት ባልደረቦቹ ወደ ግንባር ሄደው ቤተ ሙከራው ባዶ ቀረ። በመጨረሻ ሰዓቱ ሐኪም ወዳጁን አስከሬኑን እንዲመረምር፣ በተለይ አንጀቱን በጥንቃቄ እንዲያይለት አደራ አለው። ሐምሌ 1916 በ71 ዓመቱ በፓሪስ አረፈ። አመዱ ዛሬም በፓስተር ተቋም ቤተ መጻሕፍት ውስጥ በማሰሮ ተቀምጦ ይገኛል።