አስናቀች ወርቁ፦ የክራርና የትዝታ ድምፅ

በኢትዮጵያ ዘመናዊ የመድረክ ጥበብ ታሪክ ግጥምን፣ ዜማንና ድምፅን በአንድ ሰው አጣምረው ከያዙት መካከል አርቲስት አስናቀች ወርቁ በቀዳሚነት ይጠቀሳሉ። በ1920ዎቹ በአዲስ አበባ ከተማ የተወለዱት አርቲስቷ እናታቸውን ያጡት ገና በለጋ ዕድሜያቸው ነው። የልጅነት ሐዘን የዜማቸው ብቸኛ ምንጭ ነው ማለት ባይቻልም፣ ናፍቆትና መለየት እስከ መጨረሻው ከሥራዎቻቸው አልራቁም።

በዚያ ዘመን የሴት ገጸ ባሕርያትን በመድረክ ላይ የሚጫወቱት ወንዶች ነበሩ። በሕዝብ ፊት የምትዘፍን ወይም ቴአትር የምትሠራ ሴት ክብሯን እንዳጣች ትቆጠር ነበር። አርቲስት አስናቀች ይህን አመለካከት ተጋፍጠው በ1945 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ማዘጋጃ ቤት መድረክ በቀረበው “ዳዊትና ኦርዮን” ቴአትር ላይ በመጫወት፣ ከመጀመሪያዎቹ የአገሪቱ ሴት ተዋንያን አንዷ ሆኑ። ከዚያም በ1948 ዓ.ም. ተመርቆ በተከፈተው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር፣ በዛሬው የኢትዮጵያ ብሔራዊ ቴአትር፣ በተዋናይነትና በድምፃዊነት አገልግለዋል።

ክራርን የተማሩት በራሳቸው ጥረት ነው። በገና ለመንፈሳዊ ምስጋና ሲከበር፣ ክራር ግን የመጠጥ ቤት መሣሪያ ተብሎ ይናቅ ነበር። አርቲስቷ ይህንኑ መሣሪያ ይዘው የራሳቸውን ግጥም፣ አንዳንዴም በዚያው ቅጽበት የፈጠሩትን፣ ያዜሙ ነበር። ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺሆዬ ከሚባሉት አራቱ ቅኝቶች መካከል ስማቸው ይበልጥ የተቆራኘው ከትዝታ ጋር ነው። ድምፃቸው አይጮኽም፤ ስንኙን ቀስ አድርገው ካስቀመጡ በኋላ ቀሪውን ለክራሩ ይተዉለታል። በሰምና ወርቅ የታሸ ቅሬታቸው ሐዘንን ከቀልድ ጋር አዋሕዶ ስለሚቀርብ፣ አድማጭ እየሳቀ ይተክዛል።

ሥራዎቻቸው እ.ኤ.አ. በ2003 “ኢትዮጲክስ” በተሰኘው የሙዚቃ ስብስብ 16ኛ ቅጽ በፈረንሳይ ታትመው ለዓለም አድማጭ ደርሰዋል። ለረጅም ጊዜ በሕመም ሲሠቃዩ ከቆዩ በኋላ መስከረም 3 ቀን 2004 ዓ.ም. ከዚህ ዓለም በሞት ተለይተዋል።

ከሕይወታቸው የሚገኘው ትምህርት ለዛሬም ይጠቅማል። በአንድ ምሽት በቃል ተፈጥሮ ያልተቀረጸ ስንኝ ከሰሚው ጋር ያልፋል። ስለ ቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ የወጣው አዋጅ ቁጥር 410/1996 ለአንድ ሥራ ጥበቃ የሚሰጠው ሥራው ወጥ ሆኖ ሲገኝና በጽሑፍ፣ በድምፅ ቀረጻ ወይም በሌላ መንገድ ግዙፍነት ሲያገኝ ነው። የአመንጪው ኢኮኖሚያዊ መብት በሕይወት ዘመኑና ከሞተ በኋላ ለ50 ዓመታት ይጸናል። ስለሆነም በአዲስ አበባም ሆነ በዲላና በዱመርሶ የራሳችሁን ግጥምና ዜማ የምታዘጋጁ ድምፃውያን ሥራችሁን በወቅቱ እንድትጽፉና እንድትቀርጹ ይመከራል። በዚህ መንገድ የተያዘ ሥራ ለባለቤቱ መብት፣ ለቤተሰቡ ውርስ፣ ለአገርም ቅርስ ይሆናል።