ዳግማዊ ምኒልክ ከመቅደላ የወረዱበት ሌሊት

ከጓደኛ ጋር ተራራ መውጣት ለእኛ ለወልዲያና ለመርሳ ልጆች እንግዳ ነገር አይደለም። ከሀብሩ ቆላ ተነሥቶ ወደ ደጋው የሚያደርሰውን አቀበት በእግሩ የሄደ ሁሉ፣ ከመውጣቱ ይልቅ መውረዱ እንደሚከብድ፣ ይልቁንም ከመሸ በኋላ አንድ የተሳሳተ እርምጃ ነፍስ እንደሚያስከፍል ያውቃል። ዛሬ የምንተርከው ታሪክ ግን ገደሉን ከፊታቸው፣ የንጉሠ ነገሥትን ቁጣ ከኋላቸው አድርገው በሌሊት ከአምባ ስለ ወረዱ አንድ ወጣት ነው። እኒህም ወጣት በኋላ ዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ የተባሉት ናቸው።

ምኒልክ ነሐሴ 12 ቀን 1836 ዓ.ም. በአንጎለላ ተወለዱ። አባታቸው ኃይለ መለኮት፣ አያታቸውም የሸዋው ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ናቸው። በ1848 ዓ.ም. ዐፄ ቴዎድሮስ ሸዋን ለማስገበር በዘመቱ ጊዜ ኃይለ መለኮት ታመው ሞቱ፤ የ11 ዓመቱ ልጅም በንጉሠ ነገሥቱ እጅ ወደቀ። ዐፄ ቴዎድሮስ ልጁን አልጨከኑበትም። ከራሳቸው ልጆች ጋር አሳደጉት፤ ባደገም ጊዜ ልጃቸውን አልጣሽን ዳሩለት። ይሁን እንጂ እስረኛ ቢከበርም ያው እስረኛ ነው።

የመቅደላ አምባ ከወልዲያ በስተደቡብ ምዕራብ፣ ከደላንታ ሜዳ የበሽሎን ገደላማ ሸለቆ ተሻግሮ ይገኛል። ዙሪያው እንደ ግንብ ቀጥ ያለ ገደል ስለሆነ በተፈጥሮው ወህኒ ቤት ነበር። መግቢያና መውጫው ሁለት በሮች ብቻ ሲሆኑ፣ እነርሱንም ዘበኞች ሌትና ቀን ይጠብቋቸው ነበር። በዚያን ዘመን በአምባው ላይ ከየአገሩ የተያዙ መሳፍንትና ባላባቶች ታስረው ይኖሩ ነበር።

በሸዋ አቶ በዛብህ የተባሉት ሹም ከዐፄ ቴዎድሮስ ከድተው ራሳቸውን እንዳነገሡ በተሰማ ጊዜ፣ ምኒልክ የአባታቸው ዙፋን በሌላ ሰው እጅ መግባቱን ተረዱ። ስለዚህም እንደ ገርማሜ ካሉ ታማኝ ወዳጆቻቸው ጋር መክረው ለማምለጥ ቈረጡ። ሰኔ 24 ቀን 1857 ዓ.ም. ሌሊት፣ 21 ዓመት ሊሞላቸው ጥቂት ሲቀራቸው፣ ከጥቂት ሰዎች ጋር ከአምባው ወጥተው ቁልቁለቱን ተያያዙት። ሚስታቸው አልጣሽና አጎታቸው ዳርጌ ሣህለ ሥላሴ ግን እዚያው ቀሩ። በዚያች ሌሊት እግሩ የከዳው ወይም በዘበኛ የታየ ሰው የሚጠብቀው ሞት ብቻ ነበር።

ጉዞው ግን ከአምባው ግርጌ ሲደርሱ አላበቃም። ወደ ሸዋ የሚወስደው መንገድ በወይዘሮ ወርቂት ግዛት ውስጥ ያልፋል። ወይዘሮ ወርቂት ከወሎ ሙስሊም ባላባቶች ወገን የሆኑ ብርቱ ሴት ሲሆኑ፣ ልጃቸው በዐፄ ቴዎድሮስ ተይዞ በመቅደላ ታስሮ ነበር። እንግዲህ አንባቢ ሆይ፣ የእኒህን እናት ሁኔታ አስተውል። ንጉሠ ነገሥቱ አጥብቀው የሚፈልጉት ስደተኛ በእጃቸው ገብቷል። እርሱን መልሰው ልጃቸውን ለማስለቀቅ ይችሉ ይሆናል።

ነገሩ ገና ሳይለይለት ዐፄ ቴዎድሮስ ከአምባው ላይ ሆነው በመነጽር ሲመለከቱ፣ ምኒልክ በወርቂት ሰዎች ዘንድ መሆናቸውን ዐዩ። በቁጣም ነደው የወርቂትን ልጅ ከሌሎች የወሎ ባላባቶች ጋር ወደ ገደል አስጣሉት። ይህ መርዶ ለእናቲቱ ሲደርስ ምኒልክ አሁንም በእጃቸው ነበሩ። የልጄን ደም አንተ አፈሰስህ ብለው ሊበቀሉባቸው ይችሉ ነበር፤ ግን አላደረጉትም። በሰላም ወደ አገራቸው እንዲገቡ ለቀቋቸው።

ምኒልክ ሸዋ ሲደርሱ ሕዝቡ በደስታ ተቀበላቸው። አቶ በዛብህን ጋዲሎ ላይ ድል አድርገው አንኮበር ገቡ፤ በዚያው ዓመት በነሐሴም የሸዋ ንጉሥ ተባሉ። መቅደላ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. በእንግሊዞች እጅ ስትወድቅና ዐፄ ቴዎድሮስ ራሳቸውን ሲገድሉ፣ በአምባው ቀርተው የነበሩት ዳርጌም ነጻ ወጡ፤ በኋላም ራስ ተብለው የምኒልክ ታላቅ አማካሪ ሆኑ። ገርማሜም ደጃዝማች ተብለው በምክራቸው ታወቁ።

እውነቱን ለመናገር፣ ምኒልክ በኋላ ወደ ወሎ የተመለሱት በስደተኛነት ሳይሆን ጦር አስከትለው ነው፤ ወረኢሉንም የጦር ከተማ አደረጓት። የሕይወታቸው ታላላቅ ሥራዎችም ከአገራችን ጋር የተያያዙ ናቸው። ከየጁው ከራስ ጉግሣ ዘር የሚወለዱትን ጣይቱ ብጡልን አገቡ። ከወልዲያ በመርሳና በውርጌሳ አድርጎ ወደ ደሴ የሚሄድ መንገደኛ በሚያልፍባት በውጫሌ፣ ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. ከኢጣልያ ጋር ውል ተዋዋሉ። የውሉ 17ኛ አንቀጽ በኢጣልያንኛው ኢትዮጵያን ጥገኛ የሚያደርግ ሆኖ ስለ ተገኘ ጠብ ተነሣ፤ ጠቡም የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. በዐድዋ ድል ተፈጸመ። ምኒልክ ታኅሣሥ 3 ቀን 1906 ዓ.ም. ዐረፉ።

ስለ ዐድዋ ስንናገር ብዙ ጊዜ የምናነሣው የጦሩን ብዛትና የንጉሡን ብልኀት ነው። ነገር ግን ከ30 ዓመት በፊት በዚያች የሰኔ ሌሊት አንድ እግር ቢንሸራተት፣ ወይም አንዲት ልጅ የሞተባት እናት በቀልን ብትመርጥ፣ ታሪካችን ሌላ መልክ በያዘ ነበር። ሰው ለሰው መድኃኒቱ ነው የሚባለው ለዚህ ነው። እኛም በትምህርትም ሆነ በኑሮ አንድ አቀበት ወጥተን አንድ ቁልቁለት በሰላም በወረድን ጊዜ፣ አብሮን የወረደውን ወዳጅና በላይ የቀረውን ወገን፣ እንዲሁም ራሱ እየተጎዳ መንገዱን የለቀቀልንን ሰው እናስታውስ። የወይዘሮ ወርቂትም ስም ከትልቁ ንጉሥ ስም ጋር አብሮ ሊነሣ ይገባዋል።