ቅዱስ ጎርጎርዮስ ነባቤ መለኮትና የጥምቀት አስፈላጊነት

ጌታችን ለኒቆዲሞስ ስለ ዳግም ልደት ባስተማረው ትምህርት መሠረት፥ ጥምቀት ለድኅነት አስፈላጊ መሆኑን ቤተ ክርስቲያን ታምናለች፤ ታስተምራለችም። ዳሩ ግን ሳይጠመቅ በድንገት የሞተ ሰው፥ ይልቁንም ክርስትና ሳይነሣ የሞተ ሕፃን ነገር ካህናትንም ወላጆችንም የሚያስጨንቅ ጥያቄ ነው። ይህን ጭንቀት በራሱ ሕይወት የቀመሰው ቅዱስ ጎርጎርዮስ ዘእንዚናዙ ስለ ሆነ፥ ታሪኩን በአጭሩ እንመለከታለን። ዓመታቱ የተጻፉት በአውሮፓ አቆጣጠር ነው።

ቅዱስ ጎርጎርዮስ በቀጰዶቅያ አገር በእንዚናዙ አጠገብ በ329 ዓ.ም. ገደማ ተወለደ። አባቱም ጎርጎርዮስ ይባል ነበር፤ እርሱም አስቀድሞ አንዱን ልዑል አምላክ እናመልካለን ከሚሉ፥ ክርስቶስን ግን ከማያውቁ ወገኖች ነበረ። ሚስቱ ኖና በጸሎትና በእንባ ወደ ሃይማኖት መለሰችው፤ አበው ወደ ኒቅያ ጉባኤ በሄዱበት በ325 ዓ.ም. ገደማ ተጠምቆ በኋላ የእንዚናዙ ኤጲስ ቆጶስ ሆነ። ኖና ልጇን ለእግዚአብሔር ብትሰጠውም በሕፃንነቱ አልተጠመቀም፤ በዚያን ዘመን ብዙዎች ከጥምቀት በኋላ ኃጢአት እንዳያገኛቸው ፈርተው እስከ ጉልምስና፥ አንዳንዶችም እስከ ሞት አፋፍ ድረስ ጥምቀትን ያዘገዩ ነበርና።

ጎርጎርዮስ በቂሣርያና በእስክንድርያ ከተማረ በኋላ ለከፍተኛ ትምህርት ወደ አቴና በመርከብ ሲሄድ፥ በቆጵሮስ አጠገብ ታላቅ ማዕበል ተነሣ። ማዕበሉም ብዙ ቀን ቆየ፤ የሚጠጣ ውኃም ጠፋ። ሌሎቹ ስለ ሥጋ ሞት ሲጮኹ፥ እርሱ ያለ ጥምቀት መሞቱን አስቦ ያለቅስ ነበር። ከዚህ ቢድን ሕይወቱን ለእግዚአብሔር ሊሰጥ ተሳለ፤ ባሕሩም ጸጥ አለ። በአቴና ከቅዱስ ባስልዮስ ጋር በወዳጅነት ብዙ ዘመን ተምሮ፥ ወደ አገሩ ከተመለሰ በኋላ በ358 ዓ.ም. ገደማ ተጠመቀ።

የቤተ ሰቡም ታሪክ ይህንኑ ያስረዳል። ወንድሙ ቄሳርዮስ ስመ ጥር ሐኪምና የንጉሥ ሹም ነበረ። በ368 ዓ.ም. ኒቅያን ባጠፋው የምድር መናወጥ ጊዜ ከፍርስራሽ ውስጥ በሕይወት ወጣ፤ ከዚያም ተጠመቀ፥ ብዙም ሳይቆይ ታሞ ዐረፈ። እኅቱ ጎርጎንያም የተጠመቀችው በሕይወቷ ፍጻሜ ነበር። ጎርጎርዮስ የሁለቱን ዕረፍት ባየ ጊዜ የእግዚአብሔርን ቸርነት አመሰገነ፤ ነገር ግን የእነርሱን መዘግየት ለሌላ ሰው ምሳሌ አላደረገም።

በ379 ዓ.ም. ወደ ቁስጥንጥንያ በሄደ ጊዜ አብያተ ክርስቲያናቱ በአርዮሳውያን እጅ ነበሩ፤ እርሱም በአንድ ቤት ያስተምር ጀመር። በዚያው ዓመት በትንሣኤ ሌሊት ንኡሰ ክርስቲያን ሲጠመቁ ተቃዋሚዎች ገብተው ድንጋይ ወረወሩበት። በ380 ዓ.ም. ንጉሡ ቴዎዶስዮስ አብያተ ክርስቲያናቱን ለኦርቶዶክሳውያን መለሰ። ይህም ንጉሥ ራሱ በዚያው ዓመት በተሰሎንቄ በጽኑ ታሞ ሳለ የተጠመቀ ነበር።

በ381 ዓ.ም. ቅዱስ ጎርጎርዮስ በበዓለ ጥምቀትና በማግሥቱ ሁለት ድርሳናት ተናገረ። በፊተኛው ከውኃው ጥምቀት ሌላ የሰማዕታትን የደም ጥምቀትና የንስሐን የእንባ ጥምቀት ቈጠረ። በሁለተኛው የሚያዘገዩትን ገሠጸ፤ ይኸውም እገሌ የሚባለው በዓል ይድረስ የሚለውን፥ የከበረ ኤጲስ ቆጶስ ካላጠመቀኝ የሚለውን፥ ከድሆች ጋር መጠመቅን የሚያፍረውን ነው። ሕፃናት አደጋ ካለባቸው ሳይዘገዩ እንዲጠመቁ፥ አደጋ ከሌለባቸው ግን ሦስት ዓመት ሲሆናቸው እንዲጠመቁ መከረ። ጥምቀትን መመኘት ብቻውን ጥምቀት እንዳልሆነም አስረዳ።

ከዚህም በኋላ ሳይጠመቁ የሚሞቱትን በሦስት ለያቸው። የናቁት በንቀታቸው ይቀጣሉ፤ በቸልታ ያዘገዩትም ይቀጣሉ፥ ቅጣታቸው ግን ከፊተኞቹ ያነሰ ነው። በሕፃንነት ወይም ከፈቃዳቸው ውጭ በሆነ ምክንያት ያላገኙት ግን ክብርን ባያገኙም ከጻድቁ ዳኛ ቅጣት አያገኛቸውም፤ የጠፋው በእነርሱ ክፋት አይደለምና። እንግዲህ ጥምቀት አያስፈልግም አላለም፤ ያልበደለውንም ከበደለው ጋር አንድ አላደረገም።

በዚያው ዓመት በቁስጥንጥንያ የተሰበሰበው ጉባኤ ስሙ በሚጠራበት ጸሎተ ሃይማኖት ለኃጢአት ስርየት የምትሆን አንዲት ጥምቀትን እንመሰክራለን። ቅዱስ ጎርጎርዮስ የዚህ ጉባኤ ሊቀ መንበር ሆኖ ሳለ ክርክር ስለ ተነሣ፥ ለሰላም ሲል መንበሩን ትቶ ወደ አገሩ ተመለሰ፤ በ390 ዓ.ም. ገደማም ዐረፈ። በእርሱ ስፍራ የተመረጠው ንቅጣርዮስ ገና ያልተጠመቀ መኰንን ነበረ፤ ስለዚህ አስቀድሞ ተጠመቀ፥ ከዚያም ተሾመ። ሹመት እንኳ ጥምቀትን ሊቀድማት አልቻለም።

የኛ ቤተ ክርስቲያን ወንዱን በአርባ፥ ሴቷን በሰማንያ ቀን ታጠምቃለች፤ የታመመ ሕፃን ግን ቀኑ እስኪሞላ አይጠበቅም። ስለዚህ ካህን ሆይ፥ ለታመመ ሕፃን በሌሊት ቢጠሩህ አትዘግይ። ወላጆችም ለድግሱ ዝግጅት ብላችሁ ቀኑን አታሳልፉ። ካህኑ ሳይደርስ ልጁ የሞተበትን ሐዘንተኛ ግን ማንም በፍርድ ቃል አያቍስለው፤ ያ ነፍስ በጻድቁና በመሐሪው ዳኛ እጅ ነውና።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።