ዶክተር አክሊሉ ለማ፦ ከዓድዋ ወንዝ ዳር የተጀመረ ምርምር

የአንጀት ቢልሃርዚያን የሚያመጣው ሺስቶሶማ ማንሶኒ የተባለ ጥገኛ ትል፣ ባዮምፋላሪያ በተባሉት ትንንሽ የወንዝና የሐይቅ ቀንድ አውጣዎች አካል ውስጥ ካላለፈ በቀር የሕይወት ዑደቱን አይፈጽምም። ከሰው ዓይነ ምድር ጋር ውሃ ውስጥ የገባው እንቁላል ይፈለፈላል፤ እጩ በቀንድ አውጣው ውስጥ ይራባል፤ ከዚያ የሚወጡት እጮችም በውሃው የሚታጠበውን ወይም የሚሻገረውን ሰው ቆዳ በስተው ይገባሉ። ስለዚህ ቀንድ አውጣውን ማጥፋት የበሽታውን መንገድ መቁረጥ ነው። የዶክተር አክሊሉ ለማ የምርምር ሕይወት በአብዛኛው በዚህ ሐሳብ ዙሪያ ያለፈ ነው።

ዶክተር አክሊሉ በአሜሪካ ጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ የተማሩ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ1964 ለቢልሃርዚያ ጥናት ወደ ዓድዋ ሄዱ። በዚያም ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ስፍራ ዝቅ ብሎ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች በብዛት መኖራቸውን አስተዋሉ። ሌላ ተመራማሪ ትዝብቱን በማስታወሻ አስፍሮ ባለፈ ነበር። እርሳቸው ግን ሕይወት ያላቸውን ቀንድ አውጣዎች ለቅመው በዕቃ አኖሩና አንዲት አጣቢ የእንዶዱን አረፋ እንድትጨምርበት ጠየቁ። ቀንድ አውጣዎቹ ሞቱ። በዱቄት ሳሙና ያደገ የንፋስ ስልክ ላፍቶ ተማሪ እንዶድን በስም ብቻ ያውቀው ይሆናል፤ ያን ጊዜ ግን ፍሬው ደርቆና ተወቅጦ ሸማ የሚነጣበት የየቤቱ ሳሙና ነበር።

እ.ኤ.አ. በ1966 በቀድሞው ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ የፓቶባዮሎጂ ኢንስቲትዩትን መሠረቱ። በካሊፎርኒያ በስታንፎርድ የምርምር ተቋም የፍሬው ገዳይ ንጥረ ነገር ተለይቶ በስማቸው ለማቶክሲን ተባለ። ዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስም የእንዶድ ዓይነቶችን እያነጻጸሩ ኃይለኛውን ዓይነት 44 መረጡ። ከሁሉ የሚልቀው ማስረጃ ግን የዓድዋው የ5 ዓመት ሙከራ ነው፤ እ.ኤ.አ. ከ1969 እስከ 1974 በተካሄደው በዚህ ሥራ ከ1 እስከ 5 ዓመት በሆናቸው ሕፃናት ላይ የበሽታው ስርጭት ከ50 በመቶ ወደ 7 በመቶ ወረደ።

ይህ ውጤት በቂ መሆን ነበረበት ብዬ አምናለሁ። ነገር ግን እንዶድ በስፋት እንዲሠራበት የመርዛማነት ምርመራው እውቅና ባላቸው ቤተ ሙከራዎች መደገም ነበረበት፤ የሚሸጥበት ትርፍ የሌለውን የአጥር ተክል ለመመርመር ደግሞ ገንዘብ የሚያወጣ ኩባንያ አልተገኘም። ምርመራው በካናዳ ድጋፍ እስኪከናወን ከ20 ዓመት በላይ አለፈ። በመካከሉ ፕራዚኳንቴል መጣ፤ የጤና መርሐ ግብሮችም ፊታቸውን ከቀንድ አውጣው ወደ ክኒኑ አዞሩ። ክኒኑ ትሉን ይገድላል እንጂ ሕፃኑ ነገ ተመልሶ ወደዚያው ወንዝ ሲገባ ዳግመኛ ከመያዝ አያድነውም።

ዶክተር አክሊሉ በኋለኛ ዘመናቸው በተባበሩት መንግሥታት የሕፃናት መርጃ ድርጅት አገልግለዋል። እ.ኤ.አ. በ1989 ከዶክተር ለገሠ ጋር የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማትን ተቀበሉ፤ በ1997 ሚያዝያ ወር ዐረፉ። የመሠረቱት ተቋም ዛሬ በስማቸው ይጠራል።