የባለጋሪዋ እናት ተርጓሚ፦ ሎሬት ጸጋዬ ገብረመድህን

የሎሬት ጸጋዬ ገብረመድህን ስም ሲነሳ ብዙዎቻችን የምናስበው ግጥማቸውን ነው። እኔ የማነሳው ግን የትርጉም ሥራቸውን ነው። ሒሳብ ሠራተኛ በመሆኔ፣ በወጣትነታቸው ንግድ ሥራ ትምህርት ቤት መማራቸውን ሳውቅ ደስ ብሎኛል። ከሒሳብ መዝገብ አጠገብም ገጣሚ ይበቅላል!

የተወለዱት ነሐሴ 11 ቀን 1928 ዓ.ም. አምቦ አቅራቢያ ቦዳ በሚባል ቦታ ነው። ጣሊያን አገራችንን የወረረበት ክፉ ጊዜ ነበር። አባታቸው ኦሮሞ፣ እናታቸው አማራ ናቸው። በልጅነታቸው ግዕዝ ተምረዋል። ገና የአምቦ ተማሪ ሳሉ ስለ ንጉሥ ዲዮኒስዮስ የጻፉትን ቴአትር ጃንሆይ ፊት አሳይተዋል። በኋላ ከቺካጎው ብላክስቶን የሕግ ትምህርት ቤት ቢመረቁም ልባቸው መድረኩ ላይ ነበርና ለንደንና ፓሪስ ሄደው ቴአትር አጠኑ። ሲመለሱም የዛሬውን ብሔራዊ ቴአትር መሩ።

ከሼክስፒር ኦቴሎን፣ ሐምሌትንና ማክቤዝን፣ ከሞሊየር ታርቲዩፍንና የፌዝ ዶክተርን ወደ አማርኛ መለሱ። ስለ አፄ ቴዎድሮስም ቴአትር ጽፈዋል፤ ደብረ ታቦርንና ጋፋትን ለምናውቅ ለእኛ ይህ የቤት ወሬ ነው።

እኔን የያዘኝ ግን አብዮቱ በፈነዳ ሰሞን ያዘጋጁት እናት ዓለም ጠኑ ነው። መነሻው የጀርመኑ በርቶልት ብሬሽት ድርሰት ነው። በብሬሽት ታሪክ አንዲት ነጋዴ ጋሪዋን እየጎተተች ጦሩን ትከተላለች፤ ጦርነት ሲኖር ገበያ አላት። ሁለተኛው ልጇ የጦሩ ገንዘብ ያዥ ነው። የታመነ ልጅ ስለሆነ የገንዘቡን ሣጥን ደብቆ ይያዛል። እናቲቱ ልታስለቅቀው ትችል ነበር፤ ነገር ግን ጋሪውን ከሸጥኩ በምን እኖራለሁ ብላ ስትከራከር ጊዜው አለፈና ተገደለ። ሬሳውን ሲያመጡላት አላውቀውም አለች። ሌሎቹንም ልጆቿን ጦርነቱ በየተራ ወሰደባት። መጨረሻ ላይ ብቻዋን ጋሪውን ትጎትታለች።

ብዙ ሰው ይቺን ሴት ስስታም ይላታል። እኔ አልስማማም። ጋሪው ያለቻት ካፒታል ነው፤ ያለ እሱ የተረፈችው ልጇም ትራባለች። መንገድ በተዘጋባቸው ወራት ዘይትና ጨው ይዛ የቆየች እህት፣ ዋጋው ሲወጣ እያዘነች የሸጠች፣ የሴትዮዋን ጭንቀት ከእኔ የበለጠ ታውቀዋለች። አንድ የአምቦ ሰው ይህን የጀርመን ታሪክ መርጦ በአማርኛ ማምጣቱ፣ ያውም አገር በምትታመስበት ጊዜ፣ ድፍረት ነው።

ለዚህ ድፍረታቸው ግን ዋጋ ከፍለዋል። በጃንሆይ ዘመንም ሳንሱር አልተዋቸውም ነበር። ደርግ ደግሞ ቴአትሮቻቸውን አገደ፤ እሳቸውንም ያለ ክስ አሰረ። ከእስር ወጥተው መጻፍ ቀጠሉ።

በ1990 ዓ.ም. ለኩላሊት እጥበት ወደ ኒውዮርክ ሄዱ። ግጥምና ቴአትር የሰጡት አገር ያን ጊዜ ደማቸውን የሚያጥብ መሣሪያ አልሰጣቸውም። የካቲት 18 ቀን 1998 ዓ.ም. እዚያው አረፉ። አስከሬናቸው መጥቶ አዲስ አበባ ቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ተቀበረ።

እሳት ወይ አበባ የተባለው የግጥም መጽሐፋቸው ቤቷ ያለ እህት ብታውሰኝ፣ እንደ ማኅበራችን ብድር መዝግቤ በቀኑ እመልሳለሁ።