የኦሮምኛ ፊደል የቀረጹት ሸይኽ በክሪ ሰጳሎ

ዛሬ ባኮ ላይ ልጆች ኦሮምኛን በቁቤ ይማራሉ። ከቁቤ በፊት ለቋንቋው የራሱን ፊደል የቀረጹለት ሸይኽ በክሪ ሰጳሎ (ረሒመሁላህ) ናቸው።

መጠሪያቸው አቡበክር ገራድ ኡስማን ሲሆን እ.ኤ.አ. በ1895 ሐረርጌ ተወለዱ። ዒልም ፈልገው ብዙ ሸይኾች ዘንድ ቀሩ፣ ከዚያም ራሳቸው ደረሳ ሰብስበው አቀሩ። በሕዝብ ዘንድ ያስወደዳቸው ግን የኦሮምኛ ግጥማቸው ነው።

ፊደሉንም ያመጣው ግጥሙ ይመስለኛል። በኦሮምኛ ድምፅ ሲረዝምና ሲያጥር፣ ሲጠብቅና ሲላላ ትርጉም ይለወጣል። ለፈ መሬት ነው፤ ላፋ ግን ለስላሳ። የዐረብኛ ፊደል ለ"ዸ" እና ለ"ጨ" ቦታ የለውም፤ የግዕዙ ደግሞ የጠበቀውን ከላላው አይለይም። ለገጣሚ ጆሮ ይህ ቀላል ነገር አይደለም! ሸይኹ የቋንቋቸውን ድምፆች አንድ በአንድ ለይተው እ.ኤ.አ. በ1956 ለእያንዳንዱ ምልክት አበጁ። የቋንቋ ጥናት ዩኒቨርሲቲ ገብተው አልተማሩም።

ሰዎች በፊደሉ ደብዳቤ መጻጻፍ ሲጀምሩ የንጉሡ መንግሥት በጥርጣሬ አየው፤ ሸይኹም ድሬዳዋ ላይ በቁም እስር ተቀመጡ። በደርግ ጊዜ፣ እ.ኤ.አ. በ1978 ወደ ሶማሊያ ተሰደዱ፤ በ1980 በስደተኞች መጠለያ እንዳሉ ወደ አኺራ ሄዱ።